የኦንላይን ማመልከቻ ሲሞላ ጽሑፍን በቁልፍ ሰሌዳ ማረምና መምረጥ

በ2012 ዓ.ም. የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ከጸደቀ ወዲህ በኢንተርኔት የሚሰጡ የመንግሥት አገልግሎቶች እየተስፋፉ መጥተዋል። አሠራሩ ከዋና ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ዜጎች ልዩ ጠቀሜታ አለው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነሥቶ፣ በደጀን በኩል የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ አዲስ አበባ መምጣት የሚጠይቀውን ጊዜና ወጪ ሊያስቀር የሚችለው ግን ቅጹ ያለ ስህተት ሲሞላ ነው። በስም ላይ የሚታይ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ ማመልከቻው ለእርማት እንዲመለስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሚከተሉት አቋራጭ ቁልፎች ጽሑፍን በቀላሉ ለማረም ያግዛሉ። አገልግሎታቸው ዊንዶውስ በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሲሆን፣ የፊደል ስሞቹ በቁልፎቹ ላይ የታተሙትን የላቲን ፊደላት ያመለክታሉ።

በጽሑፍ ውስጥ ለመንቀሳቀስ
• ኮንትሮል + የቀኝ ወይም የግራ ቀስት፦ በአንድ ጊዜ አንድ ቃል ያሻግራል።
• ሆም እና ኤንድ፦ ወደ መስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ይወስዳሉ።
• ኮንትሮል + ሆም፣ ኮንትሮል + ኤንድ፦ ወደ ጽሑፉ መጀመሪያና መጨረሻ ይወስዳሉ።
• ታብ፦ ወደሚቀጥለው የቅጹ ክፍት ቦታ ያሻግራል፤ ሺፍት + ታብ ወደ ኋላ ይመልሳል።

ጽሑፍን ለመምረጥ
ከላይ ከተጠቀሱት ጋር፣ ከታብ በስተቀር፣ ሺፍት ተጨምሮ ሲጫኑ ጠቋሚው ያለፈበት ጽሑፍ ሁሉ ይመረጣል። ለምሳሌ ኮንትሮል + ሺፍት + የቀኝ ቀስት አንድ ቃል ይመርጣል። ኮንትሮል + ኤ በክፍት ቦታው ያለውን ጽሑፍ በሙሉ ይመርጣል።

የተመረጠው ጽሑፍ በኮንትሮል + ሲ ይቀዳል፣ በኮንትሮል + ኤክስ ይቆረጣል፣ በኮንትሮል + ቪ ይለጠፋል። ጽሑፍ ተመርጦ ሳለ ማንኛውም የፊደል ቁልፍ ቢነካ የተመረጠው በሙሉ ጠፍቶ አዲሱ ፊደል ይተካዋል። እንዲህ ሲያጋጥም ሌላ ነገር ከመጻፍ በፊት ኮንትሮል + ዜድ መጫን የጠፋውን ይመልሳል።

በአማርኛ ሲጻፍ መታወቅ ያለበት
በድምፅ ላይ በተመሠረቱ የአማርኛ አጻጻፎች ሺፍት ሁለት ሥራ አለው። ከቀስት ጋር ጽሑፍ ይመርጣል፤ ከፊደል ጋር ግን ሌላ ፊደል ያስገኛል፤ ለምሳሌ «ተ» የሚጻፍበት ቁልፍ ከሺፍት ጋር «ጠ»ን ይጽፋል። ከአንድ በላይ ቋንቋ በተጫነበት ኮምፒውተር ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፍን ከስፔስ ባር ጋር መጫን ይቻላል።

ቃል የሚፈለገው በኮንትሮል + ኤፍ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ ተለያዩ ይቆጥራሉ። በመሆኑም «ዓባይ» ተብሎ ሲፈለግ «አባይ» ተብሎ የተጻፈው አይገኝም። ፍለጋው ውጤት ካላስገኘ በ«አ» እና «ዐ»፣ በ«ሰ» እና «ሠ»፣ በ«ጸ» እና «ፀ»፣ እንዲሁም በ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» እያቀያየሩ መሞከር ያስፈልጋል። በዚሁ ምክንያት ስም በተደጋጋሚ የሚሞላ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ በመታወቂያው ላይ በሰፈረው አጻጻፍ ጽፎ ወደ ሌሎቹ ቦታዎች መቅዳት በየጊዜው አዲስ ከመጻፍ ይመረጣል።

በጋራ ኮምፒውተር ሲጠቀሙ
በኢንተርኔት ቤት ወይም በሌላ የጋራ ኮምፒውተር የተቀዳ የመታወቂያ ቁጥር በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ይቆያል፤ ቀጣዩ ተጠቃሚም ኮንትሮል + ቪን በመጫን ሊያየው ይችላል። ከመነሣት በፊት ሌላ ተራ ቃል መቅዳት የመጨረሻውን ቅጂ ይተካዋል። የዊንዶውስ ቁልፍ + ቪ ሲጫን የቀድሞ ቅጂዎች ዝርዝር ከታየም ከዚያ ማጥፋት ይገባል።

ቅጹን ከመላክ በፊት በታብ ከክፍት ቦታ ወደ ክፍት ቦታ እየተሻገሩ እያንዳንዱን መረጃ ከመታወቂያው ጋር ማመሳከር ይመከራል።