ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ላፕቶፕ ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በብዙ ቤት የላፕቶፕ ጉዳይ ይነሣል። በገጠር በሬ ወይም የዓመቱ እህል ይሸጣል፤ በከተማ ዕቁብ ይጠበቃል። በዚህ ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ የአራት ዓመቱን ትምህርት ሊዘልቅ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ጥድፊያ አያስፈልግም። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢ ተማሪ የጋራ ትምህርቶችን ወስዶ ነው ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው። ምደባው ሳይታወቅ ውድ ላፕቶፕ መግዛት ሌላ ትምህርት ክፍል ለደረሰው ተማሪ ያለ አስፈላጊነት የወጣ ወጪ ሊኾን ይችላል።

ፕሮግራም መጻፍ በራሱ ከባድ ማሽን አይፈልግም። ጀማሪ ተማሪ የሚማራቸው ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫና ፓይተን መካከለኛ በኾነ ላፕቶፕ ላይ በሚገባ ይሠራሉ። ጫናው የሚመጣው በኋለኞቹ ዓመታት፣ የሞባይል መተግበሪያ መሥራትና በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ ማስኬድ ሲጀመር ነው። ያኔ የሚፈተነው ራም ነው። የፋይል ማከማቻውን እንደ ጎተራ ብንቆጥረው ራም አውድማው ነው፤ አውድማው ከጠበበ ጎተራው ምንም ቢሰፋ ሥራው ይጓተታል። ስለዚህ ከ8 ጊጋባይት ያነሰ ራም ያለውን መተው፣ ከተቻለ 16 ጊጋባይት መያዝ ይመከራል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት ግን የማከማቻውን ስፋት ነው። «አንድ ቴራባይት ነው» ሲባል ገዢ ይማረካል። ኾኖም በሚሽከረከር ሳሕን የሚሠራው የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ከኤስ ኤስ ዲ እጅግ የዘገየ ነው፤ መንቀጥቀጥም ይጎዳዋል። ለተማሪ 256 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ ከአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

ሌላው ማሳሳቻ የፕሮሰሰሩ ስም ነው። «አይ 7» ስለተባለ ብቻ ከ«አይ 5» ይበልጣል ማለት አይደለም። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል፤ 4600 ዩ 4ኛ ትውልድ፣ 8250 ዩ 8ኛ ትውልድ ሲኾን፣ በ11 የሚጀምረው ደግሞ 11ኛ ነው። የ8ኛው ትውልድ አይ 5 የ4ኛውን ትውልድ አይ 7 በግልጽ ይበልጠዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ከዚያ በታች የኾነ ላፕቶፕ በእጁ ያለ ተማሪ ግን መጣል የለበትም፤ ኡቡንቱን የመሰለ ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት ቢጭንበት ለትምህርቱም ይጠቅመዋል።

ለጌም የሚሠሩ ውድ የግራፊክስ ካርዶች ግዴታ አይደሉም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚማር ተማሪ በጉግል ኮላብ በኢንተርኔት በነጻ መለማመድ ይችላል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? ገንዘቡ ውስን ከኾነ ያገለገለው ሳይሻል አይቀርም። ለቢሮ ሥራ የተሠሩት ዴል ላቲቲውድ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድና ኤችፒ ኤሊትቡክ ጠንካሮች ናቸው፤ በብዙዎቹም ራም መጨመር ይቻላል። በርካሽ የሚሸጥ አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ደካማ ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ይዞ ይመጣል፤ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ከኾነም ማሳደግ አይቻልም።

ያገለገለ ዕቃ ግን ሳይፈተሽ አይከፈልበትም። ቻርጀሩ ተነቅሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሠራበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ተማሪ ባትሪው ትልቅ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ይነካ፤ ካሜራው፣ ድምፁና ዋይፋዩ ይሞከሩ። የራሙን መጠንና የማከማቻውን ዓይነት ሻጩ በቃሉ ሳይኾን «ታስክ ማናጀር» ከፍቶ ያሳይ። ከመሥሪያ ቤት የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች በቀድሞ ባለቤታቸው የይለፍ ቃል የተቆለፈ ባዮስ ስለሚኖራቸው፣ ሲበራ ወደ ባዮስ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ቴክኖሎጂውን የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ካለ አብሮ ይሂድ። በደረሰኙም ላይ የላፕቶፑ መለያ ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ከኾነ የቻርጀሩ ጽሑፍ ይነበብ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከኾነ በእኛው 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።