የተዋናይ ዱካ የት ይገኛል? የደበበ እሸቱ የጥበብ ሕይወት እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግሬ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ተዋናይ ለታሪክ ጸሐፊ ምን ትቶ ያልፋል? ለመልሱ አንጋፋውን ተዋናይ ደበበ እሸቱን እንውሰድ።

ደበበ ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር የአንድ ትውልድ ሰው ነው። ሁለቱም በሃንጋሪ ሠልጥነው በአዲስ አበባ መድረኮች ስማቸውን ተክለዋል። በ1965 ዓ.ም. ለእይታ በበቃው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ደግሞ ደበበ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው ይህ የሆሊውድ ፊልም በከፊል በኢትዮጵያ የተቀረጸ ሲሆን፣ ታሪኩም አፍሪካውያን ወጣቶች ወደ አውሮፓ ተወስደው ጉልበታቸው ስለሚበዘበዝበት ንግድ ነው። ፊልሙ ዛሬም ይታያል። እንግዲህ የደበበን የወጣትነት ገጽታ አስቀምጦ ያቆየልን የባዕድ ካሜራ ነው። በአማርኛ በመድረክ ላይ የሠራው ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘግቷል፤ የቀረው በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ነው።

ከመዲናዋ ርቆ ለሚኖረው ሕዝብ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርጭቱ ከአዲስ አበባ ብዙም አልራቀም። ተዋናይን ወደ አገር ቤት ያደረሰው ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ ፊቱን አይተው የማያውቁ ሰዎች ድምፁን ለይተው ዐወቁት።

ሌላም ፈተና አለ። ደበበ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት አመራሮች ጋር ታስሮ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈትቷል። የፖለቲካው ዜና በጽሑፍ ሰፍሮ ሲገኝ የመድረኩ ሥራ ግን በወጉ አልተመዘገበም። በሰነድ ብቻ የሚሠራ ታሪክ ጸሐፊ ስለዚህ እስረኛውን አግኝቶ ተዋናዩን ሊያጣው ይችላል።

እኛ የምንኖረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥ ነው። የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች ጠባቂ ካገኙ ገና ይቆያሉ። የሶንጎ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ግን ጠያቂ ካላገኘ አብሯቸው ያልፋል፤ የተዋናይም ሥራ እንዲሁ ነው። በዲላ፣ በወናጎና በይርጋ ጨፌ ሬዲዮ ከበው ያደመጡ፣ አዲስ አበባ ሄደው ቴአትር የተመለከቱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ተማሪዎቻችን ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንዳስለቀሳቸው ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅረጹ። የማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ይህ ይሆናል።