ባለ ካሬው ደብተር

ሳሪስ አቦ በነበረኝ ኢንተርኔት ቤት በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። የሠፈሩን ሰው ስምና ልደት ከዓመት ዓመት ያቆየልኝ ግን ኮምፒውተሩ ሳይሆን ባለ ካሬ ደብተሬ ነው።

ዲቪ፣ ያ የአሜሪካ ቪዛ ዕጣ፣ እስከ 1995 ዓ.ም. በፖስታ ይላክ ነበር። ከጥቅምት 1996 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ቅጹ አንድ ሰዓት ያህል ይሰጥሃል፤ ግማሹን ሞልቶ ለነገ ማሳደር የለም። መብራት ሄደ ማለት «ሀ» ብለህ ጀምር ማለት ነው።

ድረ ገጽ ሲፈጠርም እንግዳውን አያስታውስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፑ ሉ ሞንቱሊ «ኩኪ»ን አመጣ፦ ገጹ በአንተው ማሽን ላይ የሚተወው ትንሽ ማስታወሻ። በ1999 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ደግሞ በቅጽ ላይ የጻፍከውን ይዞ በሚቀጥለው ጊዜ ያቀርብልህ ጀመር። የራሱ ማሽን ላለው መልካም ነው። ሠፈሩ ሁሉ በሚፈራረቅበት ቤት ግን አንድ ፊደል ስትነካ የትናንቱ ደንበኛ ስም ዝርግፍ ይላል። አንድ ጎረምሳ የማያውቀውን ሰው አባት አድርጎ ሊልክ ሲል ደረስኩበት። ያን ዕለት ማስታወሱን ዘጋሁት። ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራምም ጫንኩ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ እንደ ተገዛበት ቀን ባዶ ነው።

ስለዚህ ደብተር። በየካሬው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፤ «ወልደማርያም» አምና ተያይዞ ከተጻፈ ዘንድሮም ተያይዞ። ልደቱንም አንዴ አስልቼ አሰፍራለሁ፦ መጋቢት 6 ቀን 1972፣ ማርች 15 ቀን 1980። ከጎኑ የማረጋገጫ ቁጥሩ። (ያንን ቁጥር ደብቀው በኋላ ገንዘብ የሚጠይቁ ሞይዎች ነበሩ፤ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።)

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት 5፣ በአቦ ንግሥ ዕለት፣ አንዲት ደንበኛዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን መጡ።

«ልጄ፣ እንደ አምናው ነው።»

«የተለወጠ የለም እትዬ? ልጅ አልተጨመረም?»

«ምን ይጨመራል በዚህ ዕድሜ!»

ደብተሩን ገልጬ በአሥር ደቂቃ ሞላሁላቸው። ዕጣው ሚያዝያ መጨረሻ ወጣ፤ አልደረሳቸውም። ግንቦት 5 ግን አሜሪካኖቹ ሰረዙት። በፕሮግራም ስሕተት ከተመረጡት 90 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞሉ ሆነው ተገኙ። 22,000 ያህል ሰው «ደርሶሃል» ከተባለ በኋላ ደስታውን ተነጠቀ። እሳቸው የሞሉት ምዝገባው በተከፈተ በአሥራ አንደኛው ቀን ነውና መጀመሪያም ዕድላቸው የመነመነ ነበር።

ማንም እንደገና አልሞላም። የተላከው ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ስለነበር ሐምሌ 8 አዲሱ ውጤት ወጣ። ቁጥራቸውን ከደብተሩ እያየሁ መታሁ፤ አጠገቤ ቆመው ስክሪኑን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያዩት።

«አልወጣም፣ እትዬ።»

«ይሁን» አሉ፤ በጣታቸው ደብተሩን እየነኩ። «ይቺን ለከርሞ አስቀምጥልኝ።»