ኦነሲሞስ ነሲብ
ኦነሲሞስ ነሲብ (1856 ገደማ–1931 እ.ኤ.አ.)፦ ከጅማ በስተ ምዕራብ በሚገኘው ቡና አብቃይ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ወንጌላዊና የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ። በልጅነቱ ተፈንግሎ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በስቶክሆልምም ሠለጠነ። በ1881 በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ለመግባት ያደረገው ሙከራ አልተሳካም። ያም ሆኖ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን በግዕዝ ፊደል አዘጋጅቶ በ1899 ለኅትመት አበቃ። በሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት ተይዛ የነበረችውና በ1886 ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ በቋንቋ ዕውቀቷ ለሥራው ያበረከተችው ድርሻ ከእሱ ልፋት ጋር እኩል ሊጠቀስ ይገባል። በ1904 የተመለሰው ወደ ሁሩሙ ሳይሆን ወደ ወለጋ ነበር፤ በነቀምት በኦሮምኛ እየሰበከና ፊደል እያስቆጠረ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለ።