ሳተላይት አልያዘም፦ ከነገሌ ቦረና እስከ ኤል ሶድ

ዛሬ የማወጋችሁ በቆላው ምድር ስለተጓዝንበት መንገድና በእጅ ስለምትያዝ አንዲት መሣሪያ ነው። ጂፒኤስ ትባላለች። የውኃ ነጥብ የሚመዘግበው፣ ከብት የሚከትበው፣ ቤት የሚቆጥረው፣ ሁሉም ይዟት ይዞራል። ሁሉም ደግሞ አንድ ቀን «ሳተላይት አልያዘም» ብሎ ተማሮባታል።

ነገሌ የገባነው ሲመሽ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘናል። መሣሪያዋ ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝታ ነበር። ከመካከላችን ለሥራው አዲስ የሆነች ወጣት የውኃ ነጥብ መዝጋቢ አለች፤ የነገውን ሥራ አስባ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች አበራቻት። ከአናቷ በላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። አምስት ደቂቃ ጠበቀች፣ አሥር ደቂቃ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ስልኳን ብታይ ኔትወርክ ጠፍቷል።

«ገባኝ፤ ነገሌ ኔትወርክ ስለሌለ ነው» አለች።

ይህን አባባል በቆላው ከተማ ሁሉ ትሰሙታላችሁ፤ ነገር ግን ልክ አይደለም። ጂፒኤስ ከስልክ ማማ ጋር ጉዳይ የላትም። የምትሰማው 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶችን ነው። ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ሳተላይቱ የሚልከው ኃይል ደግሞ ከአንድ የቤት አምፖል እምብዛም አይበልጥም፤ ያን ሁሉ ርቀት አልፎ እጃችን ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚደክም አስቡት። ቆርቆሮ ከመጣበት ይመልሰዋል።

ሾፌራችን ይህን በልምድ ያውቃል። «ልጄ፣ ግቢው መሀል አውጪና አስቀምጫት። አትነካኪያት» አላት።

«እስከ መቼ ጋሼ?»

«ሩብ ሰዓት ስጫት።»

ሩብ ሰዓት ያለው በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚናገረው በጣም በዝግታ ነው፤ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ። የራሱን ቦታ ነግሮ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ያመለጠው ክፍል እስኪደገም መጠበቅ ነው። የሁሉንም ሳተላይቶች አጠቃላይ ዝርዝር ለመቀበል ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል። ለወራት ጠፍታ የከረመች፣ በዚያ ላይ ከጠፋችበት ቦታ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች መሣሪያ ይህን ሁሉ እንደገና ትማራለች። ስልክ ፈጥኖ የሚያገኘው ይህንኑ መረጃ አስቀድሞ በኔትወርክ ስለሚወስድ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ የስልኩም ጂፒኤስ ይዘገያል እንጂ አይሞትም።

መሣሪያዋ ግቢው መሀል ተቀመጠች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስምንት ሳተላይት ያዘች።

በማግስቱ መንገድ ጀመርን። የላንድክሩዘሩ ጣሪያም ብረት ነውና መሣሪያዋን ከፊት መስታወቱ ሥር አኖርናት። የሊበን ሜዳ ላይ ስንደርስ ማንም ምንም ማድረግ አላስፈለገውም። ሳር ነው፤ ከሳሩ በላይ ሰማይ ነው። ለጂፒኤስ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአገራችን ብዙ አይገኝም።

አሬሮ ግን ሌላ ነው። የጽድ ደን አለ፤ ዝናብ ጥሎ ቅጠሉ ረጥቧል። ውኃ ሲግናል ይውጣል። ወጣቷ መሣሪያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደረቷ ላይ አሳርፋታለች፤ የሰው ገላም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ግማሹን ሰማይ በራሷ አካል ጋርዳዋለች። ክንዷን ዘርግታ ከፍ ስታደርጋት፣ ጥቂት እርምጃም ወደ ገላጣው ስትጠጋ ሳተላይቶቹ ተመለሱ። አያያዝም አለው፤ አንዳንዷ መሣሪያ ጠፍጣፋ አንቴና ስላላት ፊቷን ወደ ሰማይ አጋድመው ይይዟታል፣ ከላይ ጎላ ያለ አንቴና ያላት ደግሞ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ግሎናስና ጋሊሊዮ የሚባሉትን የሩሲያና የአውሮፓ ሳተላይቶችም የምትቀበል ከሆነች ከማስተካከያው ላይ ክፈቱላት። ባትሪ ለመቆጠብ ብላችሁ አትዝጉባት፤ ትርፍ ባትሪ ያዙ።

ዱብሉቅ ደረስን። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ የጉዟችን ዋና ሥራ እዚህ ነውና። ቱላ የሚባሉት የቦረና ኤላዎች፣ ማለትም ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ጥንታዊ ናቸው። ከብቱ ወደ ገንዳው የሚወርደው ምድሩን ሰንጥቆ በተቆፈረ ረጅም መተላለፊያ ነው፤ ከገንዳው በታች ደግሞ ጉድጓዱ ይቀጥላል፤ ወጣቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። መዝጋቢያችን ገንዳው አጠገብ ወርዳ ኮኦርዲኔት ልትወስድ ቆመች። ግራ ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ከላይ የሚታየው ጠባብ የሰማይ ገመድ ብቻ። ሦስት ሳተላይት። አንዴ አራት ይሆናል፣ መልሶ ሦስት። እሷ ቆማ ሳለች የኮኦርዲኔቱ ቁጥር ይዘላል።

ቦታንና ከፍታን በትክክል ለማስላት ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል፤ እነሱም በሰማዩ ላይ ተራርቀው ቢታዩ ነው ደጉ። በስንጥቁ ውስጥ የሚታዩት አናት ላይ የተጠጋጉት ናቸው። ግድግዳውም የራሱን ጥፋት ይጨምራል፤ ሲግናሉ በድንጋዩ ነጥሮ ዘግይቶ ይደርሳል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ መዘግየት 300 ሜትር ነው።

የውኃውን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ሁኔታችንን ሲያይ ቆይቶ በአስተርጓሚ ተናገረ፦ «ኤላውን ለሚፈልግ ሰው የኤላው አፍ ይበቃዋል። ለምን ወደ ላይ አትወጡም?»

ወጣን። መሣሪያዋን ከብቱ ተራ ከሚጠብቅበት ገላጣ ቦታ እንጨት ላይ አሰርናት፤ ብዙ ንባብ ወስዳ አማካዩን እንድታወጣ አዘዝናት። ወጣቷ ከዚያ እስከ ጉድጓዱ በሜትር ለካች፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ አየች፣ ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ያ ንባብ እውነተኛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦማግኔቲክ ጣቢያ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከታተለው ነው። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ዙሪያ፣ የላይኛው አየር ተረብሾ ሲግናሉን ያርገበግበዋል። ቁልፍ ንባብ በቀን ውሰዱ። የቆዩት የካርታ ሥራ ኤጀንሲ ካርታዎች ደግሞ አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ግን በሌላ መነሻ ታሰላለች። ሳታስተካክሉ ካርታው ላይ ብታሰፍሩት፣ ሰማዩ ጥርት ቢል እንኳ 200 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ።

በጉዟችን መጨረሻ፣ ኤል ሶድ ላይ፣ ከእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ሥር፣ ከጥቁሩ የጨው ሐይቅ ዳር ማንም ንባብ አልሞከረም። ከአፋፉ ወስደን አለፍን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ውኃ የጫነ ቦቴ ሰውና ከብት ወደተጠማበት ይሄድ ነበር። የቦቴ ሾፌር የሚመራው አንድ መዝጋቢ በጻፈው ቁጥር ሊሆን ይችላል። እናንተ መዝጋቢዎች፣ እባካችሁ ከኮኦርዲኔቱ ጎን መሣሪያዋ የምታሳየውን የስህተት ሜትር ጻፉ፤ ከአሥር ሜትር ከበለጠ ወደ ገላጣ ወጥታችሁ እንደገና ውሰዱ።