ወረራና ተራ

ሰንጠረዥ የሚያዘግም ጨዋታ ነበር። መደቅ፣ የዛሬው የቼዝ ወታደር፣ የሚራመደው አንድ አንድ ቤት ነው፤ ፈርዙም ቢሆን በሰያፍ ከአንድ ቤት አያልፍም። ታዲያ ጦሩ እስኪሰለፍ ማን ይታገሣል? ዓረቦቹ አስቀድሞ የታወቀ አሰላለፍ ይዘው ጀመሩ። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፈርዙን ንግሥት አድርገው ክንፍ ሰጡት። የእኛዎቹ ግን ሕጉን ሳይነኩ ተራውን አነሡት፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ እንዳሻው ያሰልፋል። ይህም «ወረራ» ይባላል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሰንጠረዥ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል።

ዋናው ቁም ነገር ወዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ በተራ ነው።

ስሙ የጦር ሜዳ ስም ነው። የጦር ሜዳውን ደግሞ የስሜን ግርጌ ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። ደጃዝማች ውቤና ካሣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ተጋጠሙ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ዳባት ደርሶ ደባርቅን አስጨነቀ። መቼም በገበታው ላይ የመጀመሪያው ሞት ተጫዋቾቹን አደብ ያስገዛል፤ «አንተ ቀጥል፣ እኔ ልጠብቅ» ያሰኛል። በምድሩ ላይ ግን ተራ የሚያስረሳው ያው የመጀመሪያው ሞት ነው። አባቶቻችን ችኮላ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቁ ነበር፤ ያወቁት ግን ለጨዋታ ብቻ ነው።