አልጀብራና ወጌሻው

ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን የሒሳብ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ይሄን አልጀብራ የሚባል ነገር ፈረንጅ እኛን ለማሰቃየት ነው የፈጠረው!» አለ። ሳቄ መጣ። «አልጀብራ እኮ የወጌሻ ሥራ ነው፤ የፈረንጅም አይደለም» አልኩት። ያሾፍኩበት መሰለው።

ወዳጆቼ፣ ቀልድ አይደለም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ካላችሁ «ኤ» እና «ኤል» በሚባሉት ፊደላት የሚጀምሩትን ቃላት ተመልከቱ። አልጀብራ፣ አልጎሪዝም፣ አልኮል፣ አልካሊ፣ አልኬሚ... ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። ከፊታቸው ያለችው «አል» የዓረብኛ ናት። እኛ «ቤቱ» ስንል መጨረሻ ላይ የምንጨምራትን ድምፅ ዓረቦች «አል» ብለው ከፊት ያስቀምጧታል።

ታሪኩ ከባግዳድ ይጀምራል። በኸሊፋ አል መእሙን ዘመን ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኸዋሪዝሚ የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ ስለ ስሌት አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በርዕሱ ውስጥ «አል ጀብር» የሚል ቃል ነበረበት። ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን፣ የወለቀን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው። በእኩልታው አንድ ወገን ተቀንሶ የጎደለውን፣ በሁለቱም ወገን ደምሮ ሙሉ ማድረግ ለእሱ ጥገና ነበር። ስፔኖችም ወጌሻን ከዚሁ ቃል አውጥተው «አልኸብሪስታ» ይሉት ነበር፤ በ1615 በታተመው የዶን ኪሆቴ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አንዱ ወጌሻ በዚሁ ስም ተጠርቷል። ኮምፒውተር የሚያጠኑ ጓደኞቻችን አፍ ላይ የማይጠፋው «አልጎሪዝም» ደግሞ የራሱ የሊቁ ስም ነው፤ ላቲኖች «አል ኸዋሪዝሚ» ማለት ሲያቅታቸው አጣመውት ነው።

እንዴት አውሮፓ ገቡ? ቶሌዶ በ1085 በንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ እጅ ስትወድቅ የዓረብኛ መጻሕፍቷም አብረው ተገኙ። በተከታዩ ክፍለ ዘመን ተርጓሚዎች ከየአገሩ ወደ ስፔን ጎረፉ። እንግሊዛዊው የቼስተሩ ሮበርት በ1145 የአል ኸዋሪዝሚን አልጀብራ ወደ ላቲን መለሰው። ተርጓሚዎቹ «አል»ን ከስሙ ሳይለዩ እንዳለ ዋጧት፤ እንግሊዝኛም ከእነሱ ተቀበለ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ «አልኮል» ነው። ዓረብኛው «አል ኩሕል» ሲሆን አያቴ ዐይኗን የምትኳልበት ያው ኩል ነው! በግእዝም «ኵሕል» ይባላል። ቃሉ መጀመሪያ የላመ ዱቄትን፣ ቀጥሎ ማንኛውንም ተጣርቶ የሚወጣ ረቂቅ ነገር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ፓራሴልሰስ ዘንድ ደግሞ የወይንን መንፈስ መጠሪያ ሆነ። ከአያቴ የኩል ብልቃጥ ተነሥቶ መጠጥ ቤት ደረሰ ማለት ነው።

እርግጥ «አል» ያለ ሁሉ ዓረብ አይደለም። «ኦልሶ» እና «ኦልሬዲ» የእንግሊዝኛው የራሱ ልጆች ናቸው። «አልፋቤት» ደግሞ የግሪክ ነው። ግሪኮቹም ቢሆኑ «አልፋ» እና «ቤታ»ን የወሰዱት ከፊንቄያውያን ሲሆን በሬና ቤት ማለት ነበሩ። እኛም እስከ ዛሬ «አ»ን አልፍ፣ «በ»ን ቤት እንላለን።

ይሄን ሁሉ ለምን አነሣሁት? ተማሪ ሳለሁ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አማርኛ የተናገረ 10 ሳንቲም ይቀጣ ነበር። እኔ ብዙ ሳንቲም ከፍያለሁ። ከቅጣቱ በላይ የጎዳኝ ግን አብሮት የገባብኝ እምነት ነው፤ እንግሊዝኛ ዕውቀት ሁሉ ከራሱ የመነጨለት ምሉዕ ቋንቋ፣ የእኛ ደግሞ ለማኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ሲጎድለው እየተዋሰ ነው ያደገው። መዋስ አላሳፈረውም። እኛን ለምን ያሳፍረናል?

ወንድሜ ይሄን ሰምቶ ደብተሩን አነሣ። «እሺ፣ የተሰበረው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጥያቄውን መሥራት አቃተኝ!